በአረንጓዴ ብርሃን ያልተሠራ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና አደገኛ ነው?

ጥያቄ፦ «የ43 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። የሐሞት ጠጠር እንዳለብኝ በአልትራሳውንድ ታይቷል። በስድስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ ክፉኛ አሞኛል። የሐሞት ከረጢቴ በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በሚገባ ካሜራ) እንዲወጣልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ግን አምና ስትሠራ በአረንጓዴ ጨረር ነው የተሠራችው። ‹ጨረሩ ቱቦውን ስለሚያሳይ ስህተት የሚባል ነገር የለም፤ ያ ማሽን ከሌለ እንዳትሠሪ› ትለኛለች። ኢንተርኔት ላይ ሳይም በዚህ ነገር የሚወጣው ጥናት በጣም ብዙ ነው። የኔ ሐኪም መሣሪያው የለንም አለኝ። ቀጠሮውን ሰርዤ ውጭ አገር ሄጄ ልሠራ? ደግሞ ከዚህ በፊት ለሲቲ ስካን የተወጋሁት መድኃኒት ሰውነቴን ሽፍ አድርጎኛል። ይሄኛው ቀለምስ አይጎዳኝም?»

መልስ፦ ቀጠሮዎን አይሰርዙ። ለዚህ ብለውም ውጭ አገር አይሂዱ። ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት መሣሪያው ምን እንደሆነ፣ ጥናቱስ ምን አረጋግጦ ምን እንደቀረው ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል። እህትዎ የነገሩዎት ግማሹ እውነት ነው። ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ግማሽ እውነት ነው።

መጀመሪያ ነገር፣ ጨረር አይደለም። እንደ ኤክስሬይ ያለ ነገር እዚህ ውስጥ የለም። ጠጠር የሚፈጭ ወይም ሥጋ የሚቆርጥ ሌዘርም አይደለም። ጠጠሩን አያሟሟም። ያለው ሁለት ነገር ነው፦ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም እና ያንን ቀለም ማየት የሚችል ካሜራ። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ያው ነው። ቀዳዳዎቹም፣ መቀሱም፣ ክሊፑም አይለወጡም።

ቀለሙ ኢንዶሳያኒን ግሪን ይባላል። እኛ ሐኪሞች በአጭሩ አይሲጂ እንለዋለን። አዲስ መድኃኒት አይደለም። የፎቶ ፊልም ይሠራ ከነበረው ከኮዳክ ቤት የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሕክምና የተፈቀደው በ1959 ነው፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ለብዙ ዓመታት የልብንና የጉበትን አሠራር ለመለካት፣ እንዲሁም የዓይንን ደም ሥሮች ለማየት ሲያገለግል ቆይቷል። ጥቁር አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ በትንሽ ብልቃጥ ይመጣል። ለመርፌ በተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል። ከተበጠበጠ በኋላ በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራበት ይደፋል።

ለእኛ የጠቀመን ባሕርዩ ይህ ነው። ክንድ ላይ ሲወጋ ደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ከዚያ ጉበት ይለቅመዋል። ግማሹ ከደም የሚወጣው ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ጉበት ምንም ሳይለውጠው ከሐሞት ጋር ያወጣዋል። በኩላሊት አይሄድም። «ሽንቴ አረንጓዴ ይሆናል ወይ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ አይሆንም። ቀለሙ የሐሞትን መንገድ ተከትሎ አንጀት ይገባል፤ በሰገራ ይወጣል። ሐሞት በሚሄድበት ቱቦ ሁሉ ቀለሙ አለ ማለት ነው።

ይህ ቀለም 800 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ብርሃን ሲያርፍበት፣ 830 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሌላ ብርሃን መልሶ ይሰጣል። ፍሎረሰንስ የሚባለው ይህ ነው። ሁለቱም ብርሃኖች ከቀይ ወዲያ ያሉ፣ ኢንፍራሬድ የሚባሉ ናቸው። ዓይናችን አያያቸውም። የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍ ላይ ያለችው አምፖልም እንዲሁ ናት። ሲጫኑ ምንም አይታይም፤ በስልክ ካሜራ ሲያዩዋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ብልጭ ስትል ትታያለች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴውን የሚቀባው እንግዲህ ኮምፒውተሩ ነው። ሆድ ውስጥ የበራ አረንጓዴ መብራት የለም።

ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚመስል ላሳይዎት። በነጭ ብርሃን ከሁሉም በላይ የሚታየው ቢጫ ስብ ነው። ከላይ ቡናማው ጉበት፣ ከሥሩ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ የሐሞት ከረጢት አለ። ከረጢቱን ከዋናው የሐሞት ቱቦ ጋር የሚያገናኘው ሲስቲክ ቱቦ ውፍረቱ ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ያ ስብ ውስጥ ተቀብሯል። ገና ምንም ሳንነካ የካሜራውን ቁልፍ እንጫናለን። ስክሪኑ ይጨልማል። ከዚያ ስቡ ውስጥ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ብቅ ትላለች፤ ልክ ነጠላ ጠርዝ ላይ እንዳለ ጥለት። ከከረጢቱ አንገት ተነስታ፣ ትንሽ ተጠማዝዛ፣ ከወፈረው መስመር ጋር ትገጥማለች። እሱ ዋናው ቱቦ ነው። ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። አሁንም ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኛል። እህትዎ ሐኪማቸው በደስታ ቢነግራቸው አይገርመኝም።

ለምን አስፈለገ? የሚፈራውን ነገር ካላወቁ ጥቅሙም አይገባም። የሐሞት ከረጢትን ማውጣት የቆየ ሕክምና ነው። መጀመሪያ ያወጣው ካርል ላንገንቡክ ነው፤ በርሊን፣ በ1882። በላፓራስኮፒ ያወጣው ደግሞ ኤሪክ ሙኸ ነው፤ እዚያው ጀርመን፣ በ1985። ላፓራስኮፒ ቁስሉን አሳነሰ፤ ሕመሙን ቀነሰ፤ ሰው በማግሥቱ ቤቱ እንዲገባ አደረገ። አንድ ነገር ግን አባሰ። ዋናው የሐሞት ቱቦ በስህተት መቆረጡ በዛ። ሆድ ተከፍቶ ሲሠራ ከ1,000 ሰው በ1 ወይም በ2 ላይ ይደርስ ነበር። ላፓራስኮፒ ሲስፋፋ ከ3 እስከ 5 ደረሰ። ልምዱ እየዳበረ ሲሄድ ወርዷል፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። ቁጥሩን ሲያዩት ትንሽ ነው። የደረሰበት ሰው ግን ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይጠብቀዋል። ቱቦው ሊጠብበት፣ ኢንፌክሽን ሊመላለስበት፣ ጉበቱም ሊጎዳ ይችላል።

በ2003 ቀዶ ሐኪሙ ሎረንስ ዌይና ባልደረቦቹ እንዲህ ያሉ 252 ጉዳቶችን መረመሩ። ያገኙት ነገር እኔን እንደ ሐኪም ለወጠኝ። ከመቶ 97ቱ ላይ የስህተቱ መነሻ የእጅ ጉድለት አልነበረም። የዓይን መታለል ነበር። ሐኪሙ ዋናውን ቱቦ እያየ «ይሄ ሲስቲኩ ነው» ብሎ አመነ። እጁ ያመነውን በሚገባ ሠራ። ቆረጠ።

ይህ ጥናት ለአረንጓዴው ካሜራ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። ችግሩ የማየት ከሆነ የሚያሳይ መሣሪያ ይረዳል። ግን እዚያው ውስጥ ማስጠንቀቂያም አለ። አእምሮ አንዴ ከወሰነ፣ አረንጓዴ አድርገው ቢያሳዩትም «ይኸው፣ ሲስቲኩ አበራ» ይላል። ዋናውም ቱቦ ያበራል። በሁለቱም የሚሄደው ያው አንድ ሐሞት ነው። ካሜራው «እዚህ ጋ ቱቦ አለ» ይላል። የትኛው ቱቦ እንደሆነ አይናገርም። ያንን መለየት ያለበት ሰው ነው። «ስህተት የሚባል ነገር የለም» የሚለው አባባል ልክ የማይሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ጥናቶቹ ልምጣ። ብዙ ናቸው ያሉት ትክክል ነው። ዘዴውን ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ካስገቡት ግንባር ቀደሞቹ ታኬአኪ ኢሺዛዋና የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ናቸው። በ2010 ባሳተሙት ሪፖርት ለ52 ሰዎች ቀለሙን በደም ሥር ሰጥተዋል። ስቡ ገና ሳይጠረግ ሲስቲክ ቱቦው በሁሉም ታይቷል፤ ከዋናው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደግሞ በ50ዎቹ። ከዚያ ወዲህ ከጃፓን፣ ከአሜሪካ፣ ከጣሊያን፣ ከኔዘርላንድስ፣ ከቻይና ጥናቱ ጎረፈ። ግን ብዛቱ አያታልልዎት። ብዙዎቹ በአንድ ሆስፒታል የተሠሩ፣ ጥቂት ሰው ያሉባቸው ናቸው። የጠየቁትም በአብዛኛው አንድ ጥያቄ ነው፦ ቱቦው ይታያል ወይ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ተገኝቷል። በ2019 ፈርናንዶ ዲፕና ባልደረቦቻቸው 639 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው አነጻጸሩ። ግማሾቹ በነጭ ብርሃን ብቻ፣ ግማሾቹ በካሜራው ጭምር ተሠሩ። ካሜራው የነበራቸው ሐኪሞች ቱቦዎቹን በተሻለ ሁኔታ ለይተዋል። በ2020 ደግሞ ዴንማርክ ውስጥ 120 ሰዎች ላይ ካሜራው ከኤክስሬይ ጋር ተወዳደረ። ኤክስሬዩ የቆየው ዘዴ ነው። ሲስቲክ ቱቦው ትንሽ ተሰንጥቆ ቀጭን ቧንቧ ይገባበታል፤ ቀለም ይጨመርና ይነሳል። ዋናውን መጋጠሚያ በማሳየት ካሜራው ከኤክስሬይ አላነሰም። መሰንጠቅ የለበትም። የጨረር ማሽን አይጎትትም። በፈለጉት ሰዓት ቁልፉን ተጭነው ደግመው ደጋግመው ማየት ይችላሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አላሳንሰውም።

የእርስዎ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ካሜራው ካለ ቱቦዬ ሳይቆረጥ ይተርፋል ወይ?» ነው የሚሉት። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጉዳቱ ከ1,000 ሰው በ3ቱ ይደርሳል እንበል። ካሜራው ይህን በግማሽ ይቀንሳል እንበል። ይህንን በዕጣ በተከፈለ ጥናት ለማረጋገጥ በየወገኑ ከ15,000 በላይ ሰው ያስፈልጋል። በድምሩ ከ30,000 በላይ ማለት ነው። የዲፕ ጥናት 639 ነበረው። ተመራማሪዎች የቱቦውን መታየትና የፈጀውን ደቂቃ የሚለኩት ሰንፈው አይደለም። ሊለካ የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው። ወደ ኋላ ተመልሰው መዝገብ የሚያገላብጡ ትልልቅ ንጽጽሮችም አሉ። እነሱን ሳነብ እጠነቀቃለሁ። ካሜራው ያለው ሆስፒታል ብዙ ጊዜ ሌላም ነገር የተሟላለት ነው። የተገኘው ጥሩ ውጤት የካሜራው ይሁን የሐኪሙ ለመለየት ይከብዳል።

በ2020 የአሜሪካና የአውሮፓ ቀዶ ሐኪሞች ማኅበራት የሐሞት ቱቦ ጉዳትን ስለ መከላከል በጋራ መመሪያ አውጥተዋል። ስለ ካሜራው ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ከነጭ ብርሃን ጋር ደርቦ መጠቀም ይቻላል፤ በጥንቃቄ ጠርጎ የመለየትን ሥራ ግን አይተካም። እኔም ከዚህ ያለፈ ነገር አልልም።

አሁን ስለ ድክመቱ። ከሁሉም የሚያናድደኝ በጣም በምፈልገው ቦታ የሚደክም መሆኑ ነው። ይህ ብርሃን ሥጋ ውስጥ ዘልቆ የሚያሳየው ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ያህል ነው። ቀጭን ሰው ላይ፣ ያልቆጣ ከረጢት ላይ ድንቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ግን በነጭ ብርሃንም ብዙም አያስቸግርም። ከረጢቱ ተቆጥቶ፣ አካባቢው ወፍሮና ተጣብቆ እንደ ድንጋይ ሲሆን አረንጓዴው ይደበዝዛል። ቱቦ የሚቆረጠው ደግሞ እዚህ ጋ ነው። ስብ የበዛበት ሰው ላይም ይቀንሳል። ስቡ እየተጠረገ ሲሄድ መስመሩ እየጠራ ስለሚመጣ ደጋግሞ ማየት ይረዳል።

ቱቦ ውስጥ የወረደ ጠጠርን ለማግኘትም አይታመንም። ጠጠር ወደ ዋናው ቱቦ ወርዷል ተብሎ ከተጠረጠረ የሚያስፈልገው የቱቦዎቹ ኤምአርአይ ወይም በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የሚነሳ ኤክስሬይ ነው። ማውጣት ሲያስፈልግ ደግሞ ኢአርሲፒ አለ፤ በአፍ በሚገባ ካሜራ ጠጠሩን ከቱቦው ማውጣት ማለት ነው። ሐሞት ተዘግቶበት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው፣ ወይም ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው፣ ቀለሙን ወደ ሐሞት በደንብ አያወጣም። እሱ ላይ ምስሉ ደካማ ነው። ለከረጢቱ ደም የሚያመጣውን ደም ሥርም በራሱ አያሳይም። እሱን ለማየት እዚያው ቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ሌላ መርፌ ይሰጥና ለጥቂት ሰከንዶች ሲያበራ ይታያል።

በተጨማሪ ሰዓቱ ወሳኝ ነው። ቀለሙ መጀመሪያ የሚሞላው ጉበትን ነው። አንድ ቀን ታማሚዋ ሰመመን እየወሰደች ሳለ ቀለሙ ተሰጠ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ካሜራውን አስገባን። ቁልፉን ስጫን ጉበቱ ስክሪኑን ሞላው። ነጸብራቁ ከመብዛቱ የተነሳ ቱቦው የት እንዳለ ማወቅ አልቻልንም። ቀለሙ ነበረ፤ ካሜራው ነበረ፤ ሥራው ግን እንደ ድሮው በነጭ ብርሃን አለቀ። ጥፋቱ የሰዓት ነበር። ቀለሙ ቀድሞ ቢሰጥ ኖሮ ጉበቱ ይደበዝዝ፣ ቱቦው ይደምቅ ነበር። ብዙ ቦታ 2.5 ሚሊግራም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ አስቀድሞ ይሰጣል። ከዚያም በላይ፣ በሰዓታት ሲቀድም ምስሉ የተሻለ እንደሚሆን የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ።

የዛሬ ጥናት ትልቁ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ነው። ስንት ይሰጥ? መቼ ይሰጥ? አንዳንዶች ቀድሞ በደንብ መስጠትን ይመርጣሉ። አንዳንዶች ደግሞ ከተለመደው እጅግ ያነሰ መጠን ሰመመን ሲጀመር በመስጠት ጉበቱ እንዳይነድ ያደርጋሉ። ሌሎች ቀለሙን በቀጥታ በከረጢቱ ውስጥ ይወጋሉ። ይኼ ጉበቱን ጨርሶ አያበራም። ግን ሲስቲክ ቱቦው ላይ ጠጠር ተቀርቅሮ ከሆነ ቀለሙ ወደፊት አያልፍም። ከመርፌው ቀዳዳ ትንሽ ካፈሰሰም አካባቢው ሁሉ አረንጓዴ ይሆንና ነገሩ ይበላሻል። አንድ ወጥ ስምምነት ስለሌለ የአንዱን ሆስፒታል ውጤት ከሌላው ጋር ማወዳደር ያስቸግራል። ብዙ ጥናት ኖሮ ጥርት ያለ መልስ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው አቅጣጫ አዲስ ቀለም ፍለጋ ነው። ዱሮ የምናውቀው ሚታይሊን ብሉም ተሞክሯል። ከ1,000 ናኖሜትር በላይ በሆነ ብርሃን ጠለቅ አድርጎ ለማየትም ይሞከራል፤ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው። እኔ ይበልጥ የምጓጓው ለሦስተኛው ነው። ቪዲዮውን በሚያነብ ኮምፒውተር ሐኪሙን መርዳት። አሚን ማዳኒ የመሩት ቡድን ከ290 ቀዶ ሕክምናዎች በተወሰደ ቪዲዮ ኮምፒውተር አሠልጥኗል። ኮምፒውተሩ «እዚህ ጋ ብትነካ ደኅና ነው፣ እዚህ ጋ ግን አደገኛ ነው» እያለ ምስሉ ላይ ቀለም ይቀባል። ለምን ያጓጓኛል? የዌይን ጥናት ያስታውሱ። የሚሳሳተው ዓይን ከሆነ፣ ሌላ ዓይን «ቆይ» ቢለው ይጠቅማል። ልዩ ቀለምም ልዩ ካሜራም አይፈልግም፤ ተራውን ቪዲዮ ነው የሚያነበው። ገና በየሆስፒታሉ የሚገባ ነገር ግን አይደለም።

እስከዚያው ታማሚን የሚጠብቀው ምንድን ነው? ቀዶ ሐኪሙ ስቲቨን ስትራስበርግ በ1995 ስም የሰጠው ሥርዓት ነው። ክሪቲካል ቪው ኦፍ ሴፍቲ ይባላል፤ ለደኅንነት ወሳኝ የሆነ እይታ እንደማለት ነው። ሦስት ነገር ሳይሟላ ምንም አይቆረጥም። አንደኛ፣ በከረጢቱ፣ በጉበቱና በቱቦው መካከል ያለው ሦስት ማዕዘን ከስብና ከጅማት ይጠረጋል። ሁለተኛ፣ የከረጢቱ የታችኛው ሲሶ ከጉበቱ ተላቆ ከበስተጀርባው ያለው የጉበቱ አልጋ ይታያል። ሦስተኛ፣ ወደ ከረጢቱ የሚገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ መሆናቸው ይረጋገጣል፤ አንድ ቱቦና አንድ ደም ሥር። ይህንን ለማድረግ የሚያስፈልገው ተራ ካሜራ፣ ትዕግሥትና ሠልጥኖ የተገራ እጅ ነው። ውድ ማሽን የሌለበት ሆስፒታልም ያደርገዋል። ውድ ማሽን ያለው ሐኪምም ከዘለለው ታማሚው አደጋ ላይ ነው።

ሌላው መመለስን ማወቅ ነው። ሦስቱ ነገሮች አልሟላ ሲሉ ጥሩ ሐኪም አይገፋም። ሌላ ልምድ ያለው ሐኪም ይጠራል። ወይም ከረጢቱን በከፊል አውጥቶ አደገኛውን ቦታ ሳይነካ ይተወዋል። ወይም ሆድ ከፍቶ ይጨርሳል። ሰው «ሆዴን ከፈቱኝ» ሲል እንደ ውድቀት ያየዋል። ውድቀት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቱቦዎን ያተረፈው ያ ውሳኔ ነው።

ስለዚህ ሐኪምዎን «ያ ማሽን አለ ወይ?» ብለው ከሚጠይቁ ይልቅ እነዚህን ይጠይቁ። በወር ስንት የሐሞት ከረጢት ያወጣሉ? ከመቁረጥዎ በፊት ሦስቱን ነገሮች አይተው ያረጋግጣሉ? ቢቻል ፎቶ ያስቀራሉ? ከከበደ ምን ያደርጋሉ፣ የሚጠሩትስ ማንን ነው? ጠጠር ወደ ዋናው ቱቦ አለመውረዱን በምን አረጋገጡ? ለእነዚህ ሳይቆጡና ሳይቸኩሉ የሚመልስ ሐኪም ካገኙ እዚያው ይሠሩ። የሚያድበሰብስብዎት ከሆነ ሐኪም ይቀይሩ፤ አገር መቀየር አያስፈልግም።

ካሜራው ያለበት ቦታ እዚያው ከተማ ውስጥ ቢገኝስ? ሐኪሙ የሚያምኑት ከሆነ፣ ብዙ ካላስጨመረዎትና ቀጠሮውን ካላራዘመ በደስታ ይቀበሉት። እኔም ሲኖረኝ እጠቀምበታለሁ። ለሱ ብሎ ንብረት መሸጥ ወይም ወራት መጠበቅ ግን አይገባም። መጠበቅ የራሱ አደጋ አለው። በስድስት ወር አራት ጊዜ ያመመ ጠጠር ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከረጢቱ አንዴ በደንብ ከተቆጣ ቀላሉ ቀዶ ሕክምና ከባድ ይሆናል። ያኔ ደግሞ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ አረንጓዴው ካሜራም እምብዛም አይረዳም። ጠጠር ወደ ታች ከወረደ ቱቦ ይዘጋል፤ ቆሽትም ሊቆጣ ይችላል። ውጭ አገር ሄዶ መሠራት ሌላም ጣጣ አለው። ከሳምንት በኋላ አንድ ነገር ቢፈጠር የሠራዎት ሐኪም አጠገብዎ የለም።

የሽፍታዎን ነገር በቀላሉ አልተወውም። ለሲቲ ስካን የሚሰጠው ቀለም አዮዲን አለበት። አይሲጂ ሌላ ነገር ነው። ይሁንና ብዙ ቦታ ያለው ብልቃጥ ውስጥ ትንሽ ሶዲየም አዮዳይድ ስለሚኖር፣ ለአዮዲን አለርጂ ላለበት ሰው ጥንቃቄ ይደረጋል። ከባድ አለርጂ እጅግ ጥቂት ነው፤ ለሞት ያደረሰም ግን ተመዝግቧል። አሁን በያዙት ቀጠሮ ቀለሙ ስለማይሰጥዎት ስጋቱ የለም። ነገ ሌላ ቦታ ይሰጥሽ ቢባሉ ግን ሽፍታውን ለቀዶ ሐኪሙም ለሰመመን ባለሙያውም አስቀድመው ይንገሩ። የመድኃኒቱን ስም የያዘ ወረቀት ካለዎት ይዘው ይሂዱ። የእንቅርት ምርመራ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን የታዘዘልዎት ከሆነም ይናገሩ፤ ቀለሙ ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ያ ምርመራ አይደረግም። ለማንኛውም የሲቲ ስካኑን ሽፍታ አሁን ላለው ሐኪምዎም ይንገሩት። በቀዶ ሕክምናው መሐል ኤክስሬይ ቢያስፈልገው የሚጠቀመው ቀለም አዮዲን ያለበት ነው።

እስከ ቀጠሮው ቀን ቅባት የበዛበት ምግብ ይቀንሱ። ጾም ሲፈታ በተለይ ይጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ክፉኛ የሚታመመው ያኔ ነው። ሕመሙ ሲነሳ «ጨጓራዬ ነው» ብለው በጨጓራ መድኃኒት አያዘናጉት። ሕመሙ ከስድስት ሰዓት በላይ አልለቅ ካለ፣ ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለዎት፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ቀጠሮውን አይጠብቁ። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።